ከኮልፌ እስከ ስምዖን መዝሙር

እሁድ፣ ሲነጋ፣ ኮልፌ

ከቤት ስንወጣ ዳገቱን ጭጋግ ሸፍኖታል። አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ኖታውን በፌስታል አንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይራመዳል። ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ከመስጊድ ሲመለሱ አገኙን።

«ሐኪሙ ተኛ አላለህም እንዴ?»

«ተኝቼ ከምሞት ቆሜ ልዘምር ብዬ ነው» አለ አባዬ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መሃል ከተማ ባለች ትንሽ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነን። በማታ ጸሎታቸው ሁለት መዝሙሮች አይቀሩም፤ መጀመሪያ የማርያም ምስጋና፣ ከንባብ በኋላ ደግሞ ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ ከዚህ ዓለም በሰላም አሰናብተኝ ያለበት። በዛሬው ዜማ የስምዖንን የሚጀምረው አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ነው። እሱም አባዬ ነው። ልቡ ታሟል። አፍ አውጥቶ «አሰናብተኝ» ሲል መስማት ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

ጦር ኃይሎች

«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ፋዘር፣ ጋቢና ይግቡ፣ ይመችዎታል» አለው የታክሲው ረዳት። በመስኮት የሙዝ ጋሪ፣ የተደረደረ ልባሽ ጫማ፣ የሚጋፋ ሰው ይታያል። እኔ የማየው ግን የአባዬን ትከሻ ነው፤ ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ።

ከሰዓት፣ ልምምድ

ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ምሳውን ሽሮ ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ልምምዱ ላይ ግን ድምፁ ደህና ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል፣ ኦርጋኑ ለብቻው ይመልስለታል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

የማታ ጸሎት

ሁለት ረድፍ ሆነን ፊት ለፊት ቆመናል። የማርያምን ጨርሰን ንባቡ ላይ መብራት ጠፋ። አንባቢው በስልኩ ብርሃን ጨረሰ። ኦርጋኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ዝም አለ፤ መሪያችን ግን ቀጥሉ ብላ እጇን አነሳች።

አባዬ ጀመረ። ስንኙ አለቀና ጸጥ አለ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ሳላስበው የእሱን ቀጣይ ስንኝ በቀጭን ድምፄ ጀመርኩት። አባዬ አንድ ዓይኑን ገልጦ ገላመጠኝና በወፍራም ድምፁ ከሥሬ ገባ።

መልስ

«ምን ነካሽ?» አለኝ ታክሲ ውስጥ።

«ትንፋሽህ ያለቀ መስሎኝ...»

«የኦርጋኑን ቦታ እየጠበቅኩ ነበር። መብራት ቢጠፋም ቦታው ቦታው ነው። አንቺ ግን በቁሜ ቀበርሽኝ።»

ምሽት፣ ኮልፌ

ዳገቱ አጋማሽ ላይ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። አባዬ ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። ቆሜ ጠበቅኩ። ባጃጅ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። እሱ ዓይኑን አልገለጠም። እኔም ጠበቅኩ።

«ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?» አለኝ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።