ገብሱን የሚሻገሩ ቢራቢሮዎች

«ቢራቢሮ የምትልክብን አንተ ነህ?»

እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነው ሽማግሌዎች ያስቆሙኝ። ጊዜው ሃምሳዎቹ ነው፤ ዳንግላ አጠገብ ሳይንስ የማስተምር ወጣት ነበርኩ። የጠየቁኝ አቶ መርሻ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ገብሳቸው ላይ ክንፏ ቀይ ቀለም የተቀባ ቢራቢሮ አይተው መተት መስሏቸዋል።

ቀለሙን የቀባሁት እኔው ነኝ...

የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ካሉት ቢራቢሮዎች አብዛኞቹ ደኑ ጫፍ ሲደርሱ ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ግን ማሳውን አቋርጠው ማዶ ጫካ ይገባሉ። ይህ ጠባይ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ማሳው መሀል ሲሻገሩ ከያዝኳቸውና ከደኑ ከማይወጡት እናቶች እንቁላል ወስጄ፣ ትሎቹን ለየብቻ ሳጥን ውስጥ ሳማ እየመገብኩ አሳደግሁ። ሳማው እጄን ለብልቦኝ ጠመኔ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ቢራቢሮ ሲሆኑ የተሻጋሪዎቹን ልጆች ክንፍ ቀይ፣ የሌሎቹን ሰማያዊ ቀብቼ ጥቂቶቹን ለቀቅሁ።

ስለዚህ ቀይዋ ገብሱ ላይ መታየቷን ስሰማ ከመደንገጥ ይልቅ ደስ አለኝ።

«ወዴት ስትበር አዩዋት?» አልኳቸው።

«አንተ አይደለህ የላክሃት?»

«እኔ አልላክኋትም፤ ራሷ ነች የሄደችው።»

ሽማግሌዎቹ በአዊኛ ተነጋገሩ። እኔ አልሰማም። ከዚያ አቶ መርሻ በአማርኛ «ይቅርብህ፣ ተወው» አሉኝ።

«አልተወውም» አልኩ። «ነገ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት። ክፉ ነገር ካገኙበት ያኔ እተወዋለሁ።»

መጡ። ደኑ ጫፍ ላይ ቆመን የቀሩትን ለቀቅኳቸው። ሰማያዊዎቹ ትንሽ ዞር ዞር ብለው ወደ ዛፎቹ ተመለሱ። ከቀዮቹም የተመለሱ ነበሩ... ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዷ ዝቅ ብላ ገብሱ ላይ ወጣች። ሌላዋ ቀጠለች... ሌላም።

«መተትስ አይደለም» አሉ አቶ መርሻ። «እናታቸው ማዶ ሆና ትጠራቸዋለች?»

«እናታቸውን አይተዋት አያውቁም። መሻገሩን ከእሷ በዘር ወርሰውት ነው።»

አቶ መርሻ ማዶውን አዩ። ልጃቸው አገር ለቆ ከሄደ መቆየቱን ሰምቼ ነበር።

«የእኔ ልጅስ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ከዚህ ማሳ ርቄ አላውቅም፤ እናቱም እንደዚሁ። እሱ ከማን ወረሰው?»