እጄን ያነሳሁት ለዳኞች ነበር

ዛሬ ኮድቡር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር በምንሠራው ፎቅ፣ በእኔ ምክንያት አንድ ትልቅ ሰው በደረታቸው መሬት ላይ ተኙ።

ሥራ ጨርሼ ስወርድ መሰላሉን ትቼ በስካፎልዱ ብረት ተወዛውዤ ዘለልኩ። እግሬ መሬት ሲነካ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

ለጂምናስቲክ ሰው ይህ ሰላምታ ነው። ለዳኞቹ "ጨርሻለሁ" ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጬ ነበር። አገር ቤት ጦርነቱ ሲጀመር የልምምድ አዳራሻችን ተዘጋ፤ እኔም እዚህ ሀርጌሳ ብሎኬት ተሸካሚ ሆንኩ።

(ብረት ከመያዜ በፊት፣ እንዳያንሸራትተኝ እንደ ድሮው መዳፌን ጄሶ መቀባት ግን አልተወኝም። ፎርማኑ እንደ ጅል ነው የሚያየኝ።)

ግንበኛው ጋሽ መኮንን ከዚያው ጦርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው። እጄን ወደ ላይ ሲያዩ ለታጣቂ እጅ የሰጠሁ መስሏቸው የያዙትን ጥለው ተኙ።

"ማን መጣብን?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማንም አልመጣም ጋሼ፣ ስፖርት ነው" ብዬ አነሳኋቸው።

አቧራቸውን አራገፉና "እስቲ ድገመው፤ እጅ ሲነሳ ለደግ ነገር ልየው" አሉ።

ደገምኩት። ብቻቸውን አጨበጨቡልኝ። አዳራሹ ትዝ ብሎኝ እጄን ማውረድ አቃተኝ።

እናንተስ፣ ትታችሁት እሱ ያልተዋችሁ ሙያ አላችሁ?