«ቶምቦላ ወጣለት» የተባለው በኔ ነው

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ቡታጅራ በነበረ ጊዜ ነው። የማልረሳው፣ ባገራችን ዛሬ ጣጣ ያለበት ዕድል የገጠመውን ሰው ሁሉ «ቶምቦላ ወጣለት» ስለሚሉት ነው። ወልቂጤ ላይ አንዱ ነጋዴ አባባሉ የመጣው ከአገና ከተማ ነው ሲል ሰማሁት። ውሸቱን ነው። የመጣው ከኔ ነው። ፊደል ሳልጨርስ ከትምህርት ብወጣም ይህን ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፣ መልኬ ያማረ፣ ምላሴም የሰላ። ዘይነባን ላገባ ሽማግሌ ብልክ አባቷ ጋሼ ሰማን «በቅሎ እንኳ ለሌለው ወሬኛ ልጄን አልሰጥም» ብለው መልሰውብኛል።

በዚያው ሰሞን የጣሊያኑ ሹም ገበያ መሃል ቶምቦላ አወጣ። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ትገዛለህ። ከከረጢት ቁጥር እየወጣ ይጠራል። ያንተ ሁሉ ቀድሞ ከተጠራ «ቶምቦላ!» ብለህ ትጮሃለህ፤ ሽልማቱ ያንተ ነው። አስተርጓሚው ሽልማቱን ሲናገር «ባለ አራት እግር ነው» አለ። በቃ፣ በቅሎ ነው አልኩ። ወረቀቱን በአንድ ዶሮ ገዛሁና ገና ቁጥር ሳይጠራ ለጋሼ ሰማን «ሐሙስ በበቅሎዬ እመጣለሁ» ብዬ ላክሁባቸው።

ወጣልኝ። ጮህኩ፣ ዘለልኩ። አምጡለት ሲባል ያመጡት አሳማ ነው።

«አልፈልግም» አልኩ። የሹሙ ፊት በርበሬ መሰለ። አስተርጓሚው ጠጋ ብሎ «አንተ ሸምሱ፣ እምቢ ካልክ መንግሥት ናቅህ ማለት ነው፤ ጀርባህን በጅራፍ ይልጡሃል። አሳማውን እንዴት እንደያዝህ የሚያይ ሰውም ሹሙ ይልካል» አለኝ።

ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ሄድኩ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሳማ ይጠየፋል። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ ወላሂ ለንጉሥ እንኳ እንዲህ መንገድ ተለቆ አያውቅም።

«ሸምሱ! የበቅሎህ ጆሮ ምነው አጠረ?»

«ኮርቻ ላውስህ?»

«ተዉት እናንተ፣ ቶምቦላ ወጥቶለት ነው!»

አባባሉ የተወለደው እዚያች ላይ ነው።

እናቴ በሩን ዘግታ «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለች። ሜዳ ላይ አሰርኩት። በማግስቱ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። ዱካውን ብከተል የት ገብቷል? ጋሼ ሰማን የእንሰት ጓሮ! ቆጮ የቀበሩበትን ጉድጓድ በአፍንጫው ይምሳል።

ጋሼ ሰማን ዱላ ይዘው ቆመዋል፤ ግን አይመቱትም። አመድ መስለዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ አሳማው ከቆጮው ሥር በቆዳ የተጠቀለለ ምንሽር አውጥቷል። መሣሪያ አስረክቡ ሲባል የደበቁት ነው። ያኔ ጠመንጃ የተገኘበት ይሰቀል ነበር። ቀና ስል ሁለት ባንዶች ዱካውን ተከትለው በአጥሩ በኩል እየመጡ ነው፤ የአሳማውን አያያዝ ሊያዩ የተላኩ።

ምን ላድርግ? አሳማውን በሁለት እጄ አቅፌ ምንሽሩ ላይ አብሬው ተጋደምኩ። እሱ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ።

ባንዶቹ ቀጥ አሉ። እነሱም ያገር ልጆች ናቸው፤ አሳማ ያቀፈ ሰው አጠገብ አይደርሱም። አንዱ አፍንጫውን ይዞ «ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ።

«እያለማመድኩት ነው ጌታዬ! እንዲወደኝ!»

ሌላው እንትፍ እያለ «በደንብ ይዞታል እንላለን፤ ና እንሂድ» አለው። ሄዱ።

ጋሼ ሰማን ምንሽሩን አነሱ። በቆዳው መልሰው ጠቀለሉና «ወንዝ ውረድ። እንደ ሸሪዓው ሰባት ጊዜ ታጠብ፣ አንዱን ባፈር። ከዚያ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ» አሉኝ።

ታጠብኩ፤ ለጥንቃቄ አስራ አራት አደረግሁት። ዘይነባንም አገባሁ። አሳማውን ጫካ ለቀቅሁት፤ ለሹሙ ጅብ በላው ስለው አዘነልኝ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? በሕይወቴ አንድ ቀን ጀግና ሆኜ ጣሊያን እስኪወጣ ለማንም ማውራት አልቻልኩም። እኔ! ሰው ሁሉ «ሰማን አብደው ልጃቸውን ለባለ አሳማው ሰጡ» ሲል አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። አሁን ባወራው ደግሞ የሚያምነኝ የለም። አማቴ ምንሽሩን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወጡ ያሳያሉ፤ አሳማው ሲነሳ ግን «አሳማ? በኔ ጓሮ? አስተግፊሩላህ!» ብለው ጭጭ ነው።

አልፈርድባቸውም። የዚያን ጉድጓድ ቆጮ ምን እንዳደረጉት ጠይቄያቸው አላውቅም። ሠርጌ ላይ ግን ቆጮው ብዙ ነበር።