ሰማያዊው መሰኪያ

መርሳ ባለው ቤቴ፣ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል የሰርግ ቪዲዮ የምትቀርጽ አንዲት ልጅ ተከራይታኝ ነበር። የከተማው ሰርግ አብዛኛው፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ በእሷ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ሲያስቸግራት ከደሴ ሃርድ ዲስክ ገዝታ መጣች፤ መዳፍ የምታክል ጥቁር ነገር። «ሰርጉን ሁሉ ትችለዋለች» ስትለኝ አላመንኩም።

ከእነዚያ ሰርጎች አንዱ የልጄ ነው። ባለቤቴ ተነስቶ ሲመርቅ ይታያል። እሱ ካረፈ ወዲህ ድምፁ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ለእኛ የተሰጠን ሲዲ ተጭሮ አይሠራም።

ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ከወልድያ በኩል ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ በደጃችን ያልፍ ጀመር። መብራትም ስልክም ተቋረጠ። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መሄድ ስለማይቻል፣ ልጅቱ ሰርጎቹን ወደ ዲስኩ ልትገለብጥ ጄኔሬተር አስነሳች። ከጄሪካኑ ሥር የቀረችው ቤንዚን ጥቂት ነበረች።

በሰፈራችን የጄኔሬተር ድምፅ ከተሰማ ስልኩን ይዞ የማይመጣ የለም። የሚሻሙትም ከኮምፒውተሩ ኋላ ያሉትን ሁለት ሰማያዊ መሰኪያዎች ነው፤ ከጥቁሮቹ ይልቅ ባትሪ ቶሎ ይሞላሉ ይባላል። ልጅቱ ለጎረቤት እምቢ ማለት አይሆንላትም። ሰማያዊዎቹ በስልክ ስለተያዙ ዲስኩን በጥቁሩ ሰካችው።

ጥቂት ቆይታ ስክሪኑን አየችና ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ በዚህ አካሄድ ቤንዚኑ ቀድሞን ያልቃል።»

የቆዩት ሰርጎች ከወረፋው መጨረሻ ነበሩ፤ የልጄም እዚያው። አስቀድሚልኝ ልላት ቃጣኝ። ግን በእኔ ፈንታ የማን ይቅር?

«ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ጥቁሩን የግራናን ኮረኮንች መንገድ በሉት፤ ሰማያዊው አስፋልቱ ነው።» ቀጥላ ስልካቸውን ወደ ሰኩት ጎረቤታችን፣ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ሽማግሌ ዞረች። «አባባ፣ ስልክዎን ልንቀለው?»

«ኧረ ተይኝ! ገና መቀበል መጀመሩ ነው።»

«ኔትወርክ የለ፣ ለማን ሊደውሉ ነው?»

«ለመብራቷ ነው እንጂ! በጨለማ ስሄድ ገደል ልግባልሽ?»

«ሰርግዎ ሊቀር ነዋ፣ አባባ።»

«እኔ ስዳር ካሜራ የት ነበርና!»

«የልጅዎን ማለቴ ነው።»

ሽማግሌው ስልኩን ራሳቸው መንጭቀው ነቀሉት። «ሁለት በሬ ጥዬበት! ቶሎ በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዲስኩ ወደ ሰማያዊው ተዛወረ። ስትጎተት የነበረችው አረንጓዴ መስመር ትሮጥ ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ከቀትር እስከ ቀትር የተጨፈረ ሰርግ ውኃ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልፋል። ሰው ሁሉ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ያያል። «አሁን የማን ነው?» ይላሉ ሽማግሌው በየመሃሉ።

ጄኔሬተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ልጅቱ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ዲስኩን ነቀለች። ሞቆ ነበር።

«ካሜራውን እኔ እይዛለሁ፤ ሰርጉን አንቱ ይያዙት። ትልቅ ሴት ማንም አይፈትሽም» አለችኝ። በመቀነቴ ቋጥሬው በውርጌሳ በኩል ከከተማው ወጣን።

ጦርነቱ አልፎ ስንመለስ ክፍሏ ባዶ ነበር። ኮምፒውተሩ ከነጠረጴዛው ተወስዷል። ለኪሳራዋ ስታለቅስ አላየሁም፤ መብራት የመጣ ለት ላፕቶፕ ተውሳ ቤቴ መጣች። ዲስኩን በሰማያዊው ሰክታ፣ ሳልጠይቃት የልጄን ሰርግ ከፈተች። ጨርቅ ነጋዴውም ወሬውን ሰምተው መጥተው ተቀምጠዋል።

ባለቤቴ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና መመረቅ ጀመረ።

«አሚን» አሉ ሽማግሌው ጮክ ብለው፣ ሰውየው ፊታቸው የቆመ ያህል።

እኔም «አሜን» አልኩ።