ከቦርሳዋ የወጣው ቆጣሪ

በዚያ ሰሞን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እመላለሳለሁ። ልጆቹም ለምደውኝ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ይከተሉኛል። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ያለው ሰፈር እየፈረሰ ነው። ስካቫተሩ ጠዋት ገና ሰልፍ ላይ እያለን ሥራውን ይጀምራል። ግድግዳ ሲወድቅ የክፍላችን መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ አቧራው ደብተሩንም፣ የልጆቹንም ቅንድብ፣ የእኔንም ጥቁር ሹራብ አንድ ዓይነት ቀለም ያስይዘዋል። የማስተምረው ለአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ነው፤ የደረስንበት ምዕራፍ ደግሞ ስለ ጉልበት ነበር።

እኔና እናቴ የምንኖረውም እዚያው ፒያሳ፣ ከትምህርት ቤቱ ብዙ በማይርቅ የቀበሌ ቤት ነው። የእኛ መደዳ ይፍረስ አይፍረስ እስካሁን የነገረን የለም። ከሥራ ስገባ እናቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ምን አሉ?" ትለኛለች። "ምንም አላሉም" እላታለሁ። እሷ ግን ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች፤ በማግስቱ ሰው ሲመጣባት ደግሞ እየፈታች ታወጣቸዋለች። የዚህ ቤት ሰው ሆኜ ነው እንግዲህ ልጆች ፊት ቆሜ ስለ ሙቀትና ስለ ብርሃን የማወራው።

"ጉልበት ማለት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ዞር አልኩ። "እስቲ ጉልበት ያለው ነገር ንገሩኝ።"

ከኋላ የተቀመጠው ቀልደኛ ልጅ እግሩን ከዴስኩ ሥር ወደ መተላለፊያው ዘረጋና "ቲቸር፣ እኔ ሁለት አለኝ" አለ፤ ሁለቱንም ጉልበቶቹን መታ መታ እያደረገ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ምዕራፍ ባስተማርኩ ቁጥር አንድ የአራዳ ልጅ ይህን ቀልድ እንደ አዲስ ያመጣዋል፤ እኔም እንደ አዲስ እስቃለሁ። ከዚያ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ድምፅ፣ እንቅስቃሴ፣ ኤሌክትሪክ፣ ምግብና ነዳጅ ውስጥ የተከማቸው እያልኩ ጻፍኩ። በሌላው ዓመት ድምፅን የማስረዳው የዘበኛውን ደወል ክፍል ድረስ አስመጥቼ ነበር። ዘንድሮ "ድምፅ ከየት ይሰማችኋል?" ስላቸው ሁሉም በአንድ ላይ ጣታቸውን ወደ አጥሩ ቀሰሩ።

በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን ጣቷን አላነሳችም። "ያ የጎረቤታችን የእትዬ ቤት ነው" አለች ቀስ ብላ።

ይህች ልጅ ከአፏ ቃል የማይወጣ ዓይነት ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከወሎ መጥቶ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ስንት ዘመን ሲሰፋ የኖረ። ክረምት ላይ የእኔን የደንብ ልብስም ያጠበበልኝ እሱ ነው። የልጅቷ ቤት ከስካቫተሩ ምን ያህል እንደሚርቅ መጠየቅ ፈለግሁ፤ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማበት ግን ምን ብዬ ልጠይቃት? ወደ ሰሌዳው ተመለስኩ። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። "ነገ ሁላችሁም ከቤታችሁ ጉልበት የሚሰጥ ወይም ጉልበት የሚጠቀም አንድ ነገር ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የሚሰበር፣ የሚቃጠል፣ እናታችሁ የማታውቀው ነገር እንዳይመጣ።"

በማግስቱ ክፍሉ ቁርጥራጭ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ መሰለ። ባትሪው ያለቀ የእጅ ባትሪ መጣ። የሚሾር መጫወቻ መኪና መጣ። አንዷ በፌስታል ከሰል ይዛ መጥታ ዩኒፎርሟን ከላይ እስከ ታች አጥቁራዋለች። ሌላዋ ቆሎ ይዛ ነበር፤ ምግብ ውስጥ ስለተከማቸ ጉልበት ልታስረዳ ነበር አሉ፤ ሆኖም ጓደኞቿ ትምህርቱ ሳይጀመር ጨርሰውታል። ቀልደኛው ልጅ ባዶ እጁን ተነሳና "ራሴን ነው ያመጣሁት" አለ። አጨበጨቡለት።

ተራው የመስኮቷ ልጅ ደረሰ። ቦርሳዋን በሁለት እጇ አንስታ ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈችው። ሲያርፍ ጠረጴዛው ድምፅ ሰጠ። ዚፑን ከፈተች፤ ውስጡ መጽሐፍ አልነበረም። በእናቷ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ስትፈታው የመብራት ቆጣሪ ነው። ያ አሮጌው፣ መስታወት ያለው ጥቁሩ ቆጣሪ። ከሥሩ የተቆረጡ ሽቦዎች እንደ ጢም ተንጨፍርረዋል።

"ማነው የነቀለው? አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም ቲቸር። የመብራት ሰዎች ትናንት መስመሩን ቆርጠው አወረዱት። ነገ መኪና ይዘን እንወስደዋለን፣ አስቀምጡት ብለው ሄዱ።"

"እናትሽ እንዳመጣሽው ታውቃለች?"

አቀረቀረች። ልጆቹ ግን መልሷን አልጠበቁም፤ ከየዴስኩ ተነስተው ጠረጴዛውን ከበቡት። እሷም እስከዚያ ቀን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ማስረዳት ጀመረች። በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ክብ ብረት አለች፤ ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት አላት። አምፖል ብቻ ሲበራ ቀስ ብላ ትዞራለች። እናቷ ምድጃ ስትለኩስ ትፈጥናለች። አባቷ ቤት ውስጥ ካውያ ሲሰካ ደግሞ ቀዩ ምልክት አይታይም፤ ይበርራል። ቆጣሪው ያለው ከአልጋዋ በላይ ስለነበረ ተኝታ ነው የምታየው።

"ታዲያ ለምን አሁን አትዞርም?" አላት አንዱ።

ልጅቷ መስታወቱን መታ መታ አደረገች። ወዘወዘችው። ብረቷ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ቆመች። "ትዞር ነበር" አለች። "ወላሂ ትዞር ነበር።"

"አትዞርም!" አሉ ከኋላ ያሉት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ቆጣሪው የሚዞረው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደሆነ፣ ያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ሲለወጥ እንደሆነ በጥድፊያ አስረዳሁ። ልጆች ግን ያላዩትን ነገር በማብራሪያ አይቀበሉም። እኔም ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ያን ዕቃ የሚፈልጉት ሰዎች አሁን በር ላይ ቆመው ቢሆንስ?

በዕረፍት ሰዓት ቆጣሪውን በሻሹ ጠቅልዬ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወሰድኩት። ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ሻሹን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ሸፈኑት።

"ምንድን ነው ያስተማርሻቸው?"

"ስለ ጉልበት ነው ጋሼ።"

"እግዜር ያሳይሽ፣ ስለ መንግሥት ንብረት ብታስተምሪያቸው ምን ሊያመጡ ነው? በይ ቶሎ ከልጅቷ ጋር ሄደሽ መልሺው። ክፍልሽን እኔ እይዝልሻለሁ።"

ቆጣሪውን እኔ ታቀፍኩት፤ ልጅቷ ባዶ ቦርሳዋን አንግታ ከፊት ከፊቴ ትሮጥ ጀመር። እኔ እዚህ ሰፈር ነው የተወለድኩት። ከምኒልክ አደባባይ እስከ አትክልት ተራ ያለውን ቅያስ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ ስል ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ጠፋብኝ። ወደ ግራ የሚታጠፍባት ዳቦ ቤት የለችም። የድንጋዩ ደረጃ አለ፤ ደረጃው የሚያወጣበት ቤት ግን የለም። ድሮ በቤቶቹ ተከልሎ የማይታየው ባቡር አሁን በግልጥ ሲያልፍ ይታያል። ቆሜ ግራ ቀኝ ስመለከት ልጅቷ ተመልሳ እጄን ያዘችኝ። "በዚህ ነው ቲቸር፤ በዚህ ነው።"

ስንደርስ በሩ ላይ አይሱዙ ቆሟል። ፍራሽ፣ ቁምሳጥን፣ የተገለበጠ ጠረጴዛ፣ የአባትየው የስፌት መኪና ላዩ ላይ ታስረዋል። እናትየው ባዶው ቤት ደጃፍ ላይ ከሁለት የመብራት ሠራተኞች ጋር ቆማ በእጇም በአፏም ታወራለች።

"እዚሁ ጥግ ነው ያስቀመጥኩት! በአላህ፣ ቆጣሪ ምን ይሠራልኛል? በልቼው ነው?"

"ማንም በልተሽዋል አላለም እናቴ፤ ሳናገኘው ግን መሄድ አንችልም ነው" ይላታል አንደኛው።

እናትየው ልጇን አየች፤ ቀጥሎ እኔን፤ ቀጥሎ ያቀፍኩትን ሻሽ። ነገሩ ወዲያው ገባት። እጇን አንስታ ወደ ልጅቷ ስትመጣ በመካከል ገባሁ። "የእኔ ጥፋት ነው። ከቤት ዕቃ አምጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በዚያው እጇ አፏን ያዘች። መጀመሪያ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። እያለቀሰች ነው። "ከጠዋት ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር እኮ ቲቸር" አለችኝ። "በቆጣሪ ላልቅስ?"

ሠራተኛው ቆጣሪውን ተቀብሎ ቁጥሩን አነበበና መኪናው ላይ ካሉት ሌሎች ቆጣሪዎች ጋር ደረደረው። ልጅቷ ተከተለችው። "ለምንድን ነው የማይዞረው? ተበላሽቷል?"

"አልተበላሸም። መስመር ሲያጣ ይቆማል።"

"ሌላ ቤት ቢገባ ይዞራል?"

ሰውዬው ወደ ልጅቷ ዞረ። "አሮጌ ነው፤ ሌላ ቤት የሚገባ አይመስለኝም" አላት። ስላልዋሻት ወደድኩት።

አባትየው ጭነቱን አሥሮ ጨርሶ "እንሂድ" አለ። ወዲያው እንደሚወጡ አልጠበቅሁም ነበር። ልጅቷን ጋቢና ውስጥ በእናቷና በሾፌሩ መካከል አስገቧት። የሚሄዱት ከተማው ጫፍ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ እየተመላለሰች ትማራለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ እናትየው ዓይኗን ወደ ባሏ መለሰች፣ ባሏም ወደ መሬት። ልጅቷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ "ቲቸር፣ አላመኑኝም" አለች።

"ስትዞር አሳያቸዋለሁ" አልኳት። በምን እንደማሳያቸው አላውቅም። መኪናው ተነሳ።

ያን ቀን ሁለት ልብ ሆኜ ዋልኩ። ክፍል ገብቼ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተኛል። በባዶ ቦታዋ በኩል ሳልፍ ፍጥነቴን እጨምራለሁ። ልጆቹ የት እንደሄደች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ማንም አልቀለደም። ከእነሱ መካከል ቀጥሎ የሚፈርሰው የማን ቤት እንደሆነ እያሰቡ እንደነበር ገባኝ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበርና።

የትምህርት ቤቱ ቆጣሪ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ኋላ፣ ግድግዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እንዳለ የነገረኝ ዘበኛው ነው። ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ልብ ብዬው አላውቅም። በማግስቱ ክፍሌን አሰልፌ ወሰድኩ። ዘበኛው ሳጥኑን ከፈተልን። ያው ጥቁሩ፣ ያው መስታወቱ፣ ያቺው ክብ ብረት። ቆማለች።

"አትዞርም አላልንም?" አሉ።

መብራት ጠፍቶ ነው። ምን ዓይነት ቀን ነው የመረጥኩት አልኩ በሆዴ። ወደ ክፍል እንመለስ ለማለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ፀሐዩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ልጆቹ መገፋፋት ጀመሩ፤ እኔ ከግድግዳው እስከ ቧንቧው እመላለሳለሁ። በመጨረሻ ከመምህራን ማረፊያው ሬዲዮ ሲንጫጫ ሰማን። መብራት መጣ። ብረቷ ነቃ አለችና ቀዩን ምልክት ይዛ ቀስ ብላ ዞረች። ልጆቹ ጎል እንደገባ ጮኹ። ርዕሰ መምህሩ በጩኸቱ ደንግጠው ወጡ፤ ነገሩን ሲረዱ ተመልሰው ገብተው የሻይ ምድጃውን ለኮሱልን። ብረቷ በረረች።

"ልክ ነበረች" አለ ቀልደኛው ልጅ። ሳይስቅ ነው ያለው።

ልጅቷ ለትንሽ ጊዜ ከዚያ ጫፍ ተመላልሳ ለመማር ሞከረች፤ አርፍዳ ትመጣለች፣ ዴስክ ላይ ትተኛለች። ቀጥሎ ቀረች። ከጥቂት ወራት በኋላ እናቷ መሸኛ ልታወጣላት ይዛት መጣች። ረዝማለች። እናትየው ቢሮ ስትገባ እኛ በረንዳው ላይ ቆምን።

"አዲሱ ቤት እንዴት ነው?"

"ነፋስ አለው" አለች። "ቲቸር፣ የእዚያ ቆጣሪ በካርድ ነው። አይዞርም፤ ቀይ መብራት ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል። ምድጃ ሲለኮስ ብልጭታው ይፈጥናል። አየሁት።"

"ታዲያ ለምን ብልጭ ይላል?"

"እሱን ገና አላወቅሁም" አለች፤ ግንባሯን ቋጥራ፣ ከራሷ ጋር እንደተጣላች ሰው።

በዚህ መሀል ከክፍላችን መስኮት አንድ ልጅ አይቷት ስሟን ጠራ። ሌላውም ጠራ። ላስቆማቸው አልቻልኩም፤ በሩን ገፍተው ወጥተው ከበቧት። ስለ ካርዱ ነገረቻቸው። ካርዱ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ይጠፋል። ሌባ ካርዱን ቢወስደውስ? ካርዱ ለሌላ ቤት አይሠራም። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይቀማዋል፤ እሷ በመካከል ቆማ እጇን እያወናጨፈች ትመልሳለች። እናቷ ወረቀቱን ይዛ ከቢሮ ወጣች፤ ልጇን እንደዚያ ስትናገር ስታይ በረንዳው ላይ ከእኔ ጋር ቆመች፤ አልጠራቻትም። ደወሉ ተደወለ። ሌላ ክፍል ነበረኝ፤ የዚያን ክፍል ልጆች እንዲጠብቁኝ ተውኳቸውና እዚያው በረንዳው ላይ ቆየሁ።