የመዝገብ ቤቱ በር

ያኔ ሶዶ በምሠራበት የዞን መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ የመሥሪያ ቤቱ እሴቶች በትልቅ ሰሌዳ ተጽፈው ተሰቅለው ነበር። ግልጽነት፣ ታማኝነት፣ አገልጋይነት፣ ሌሎችም። በየሳምንቱ በአንድ ለአምስት ቡድን ተቀምጠን እንወያይባቸዋለን። የቡድኑ መሪ እኔ ስለነበርኩ ማን እንደሚያከብራቸው፣ ማን እንደሚጥሳቸው ጽፌ ለኃላፊው አቀርባለሁ።

ከቡድኑ አባላት አንዷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ነበሩ፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ዝምተኛ ሴት። ከገጠር ባለጉዳይ ሲመጣ ያስገቡና በሩን ይዘጋሉ። ከውስጥ በወላይትኛ ዝግ ያለ ንግግር ይሰማል። ሶዶ ባድግም ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ የእኔ ወላይትኛ ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ ያልገባኝን ሁሉ ጉቦ ነው አልኩ።

አንድ ቀን ከሃላሌ የመጡ ሽማግሌ ዓይናቸውን እየጠረጉ ከዚያ ክፍል ሲወጡ እስከ ግቢው በር ተከተልኳቸው።

«አባቴ፣ ለሴትዮዋ ምን ሰጧቸው?»

ደንገጥ ብለው አዩኝ። «ላንተም መስጠት ነበረብኝ እንዴ?»

«ላንተም» ያሏት ቃል በቃችኝ። በግምገማው ዕለት ተነሥቼ ያየሁትንም የጠረጠርኩትንም አንድ ላይ ተናገርኩ።

«በር ዘግተሽ ምንድነው የምትሠሪው?» አሉ ኃላፊው።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሡ። «ደብዳቤያቸውን መልሰው ይሰጡኛል፤ አነብላቸዋለሁ። እኛ የምንጽፍላቸው በአማርኛ ነው፤ ብዙዎቹ አይችሉም። መሬትህ ተወስዷል የሚል ደብዳቤ ሰው መሀል ይነበባል?»

እኔ አላመንኳቸውም፤ መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ መሰለኝ። ኃላፊው በር መዝጋት ግልጽነትን ይጻረራል ብለው ወሰኑ፤ በሳምንቱ አናጺ መጥቶ በሩን ነቅሎ ወሰደው። ሴትዮዋ ብዙ አልቆዩም፤ ዝውውር ጠይቀው ወደ ሻንቶ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ገበሬዎቹ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው፣ አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ ሳያስነብቡ ይወጡ ጀመር። ከወራት በኋላ ከሁምቦ አንዲት ሴት መጥተው የተሰጣቸውን ወረቀት ዘረጉልኝ። ምን እንደሚል የነገራቸው አልነበረም። ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ አልፏል። ያኔ ነው ሴትዮዋ በር ዘግተው ይሠሩት የነበረው የገባኝ።

የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ከዓመት በኋላ መናኸሪያ አገኘኋቸው።

«መጀመሪያ እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ።

ሻንቶ ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ግራ ቀኝ አዩና «ደህና ነው» አሉኝ፤ ቃላቸውን እየመረጡ፣ ነገ ሄዶ ሪፖርት ለሚያደርግ ሰው እንደሚነገረው። የሻንቶዋ ሚኒባስ ገና ሳትሞላ ገብተው ተቀመጡ።