«አንቱ» የሚያውቅ ሰርቨር

መካነ ሰላም ላለ የገበሬዎች ማኅበር ድረ ገጽ ሠርቼ ለሊቀመንበሩ ለጋሽ እሸቴ ላሳይ ሄድኩ። ሴት ልጃቸውን ወድጄ፣ ሽማግሌ መላክ ፈርቼ ከርሜያለሁ፤ እሳቸውም ነገሩን ሳይሰሙ አልቀሩም።

ኮዱ ላይ የአባላቱን አጠራር ዓይነት «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «አንቱ» ብዬ ወስኛለሁ። ሰርቨሩ ላይ የ«አንቱ»ን ሰላምታ መጻፍ ረስቼ ኖሮ፣ ይኼ ታይፕስክሪፕት የሚሉት የኮድ ቋንቋ እስክጨምረው ድረስ አላሳልፍም ብሎ ጠዋቱን ሙሉ ሲያናድደኝ ነበር።

አሁን እሳቸው እያዩ በስማቸው ድረ ገጹ ውስጥ ገባሁ። «ጋሽ እሸቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» የሚል ወጣ። እፎይ!

ከደስታዬ ብዛት «አየህ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተ የሚሉኝ ልጆቼ ብቻ ናቸው» አሉ። «በል፣ ሽማግሌህን ላክ።»